የሽኒትዘር ቤተሰብ ጋራዥ፦ የአንድ የግል የመኪና ውድድር ቡድን ታሪክ

ፍራይላሲንግ የጠረፍ ከተማ ናት። የምትገኘው በደቡብ ምሥራቅ ጀርመን፣ በባቫሪያ ዳርቻ ነው፤ ዛላክ የሚባለውን ወንዝ የተሻገረ ሰው ወዲያው ኦስትሪያ ገብቶ ሳልዝቡርግ ይደርሳል። ከጅጅጋ ቶጎ ውጫሌ የሚመላለስ ሰው የጠረፍ ከተማ ኑሮ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያሻውም፤ ሸቀጡም፣ እንግዳውም፣ ወሬውም የሚገባው በመኪና ነው፤ መኪና የሚያውቅ ሰውም በከተማው ስም አለው። በፍራይላሲንግ ይህን ስም ይዞ የኖረው የሽኒትዘር ቤተሰብ ነበር። ይህ ቤተሰብ ያቋቋመው ቡድን ለግማሽ ምዕተ ዓመት በዓለም የውድድር ሜዳዎች ተሰልፏል፤ የአውሮፓን፣ የጀርመንን፣ የእንግሊዝንና የዓለምን የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና ወስዷል። በአብዛኛው የሚያሽቀዳድመው የቢኤምደብሊው መኪና ቢሆንም ቡድኑ የቢኤምደብሊው አልነበረም፤ የቤተሰቡ ነበር።

ከካራማራ ወዲህም ሆነ ወዲያ፣ በጅጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌ የመኪና ሙያ በአብዛኛው የግል ሰው ሙያ ነው። ልጅ ከአባቱ፣ ታናሽ ከታላቁ ሥር ቁልፍ እያቀበለ ይማረዋል። እንዲህ ያለ ሙያ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል፣ ምንስ እንደሚያሰናክለው ለማየት ከሽኒትዘር ታሪክ የተሻለ አላገኘሁም፤ ለዚህ አካባቢ አንባቢ የምጽፈውም ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ውድድሩ ዓይነት ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ፎርሙላ ዋንን ነው፤ እሱ ለውድድር ብቻ ተብሎ የሚሠራ ባለ አንድ ወንበር መኪና ነው። ቱሪንግ ካር ከዚህ ይለያል። የሚሽቀዳደሙት ሰው ገዝቶ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስባቸው የቤት መኪኖች ናቸው። ወንበሩና ምንጣፉ ወጥቶ፣ መኪናው ቢገለበጥ ሹፌሩን የሚያተርፍ የብረት ቱቦ ከውስጥ ይበየዳል። ፍሬኑ፣ ሞላው፣ ጎማው ይቀየራል፤ ሞተሩም ደንቡ እስከፈቀደው ድረስ ይሻሻላል። ቅርጹ ግን መንገድ ላይ የምናየው ያው መኪና ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራበት በነበረው «ግሩፕ ኤ» በተባለው ደንብ አንድ ሞዴል እንዲወዳደር ከተፈለገ ፋብሪካው በ12 ወር ውስጥ 5,000 ማምረት ነበረበት። ቢኤምደብሊው ኤም 3 የተባለውን መኪና ለገበያ ያወጣውም ይህን ደንብ ለማሟላት ነው። ተራ ገዢ ኤም 3 ሊገዛ የቻለው ለውድድር ተብሎ ስለተሠራ ነው ማለት ነው።

ብዙ ፋብሪካዎች መኪናውን ራሳቸው ይዘው ሜዳ አይወጡም። በመናኸሪያ የመኪናው ባለቤት፣ ሹፌሩና ረዳቱ የተለያዩ ሰዎች እንደሆኑ ሁሉ እዚህም ሥራው የተከፋፈለ ነው። ፋብሪካው ገንዘቡን፣ አካሉንና ሞተሩን ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ሹፌሩንም የሚቀጥረው እሱ ነው። የግል ቡድኑ ጋራዡን፣ መካኒኩንና መሐንዲሱን ያቀርባል፤ መኪናውን ከአገር አገር የሚያጓጉዘውም እሱ ነው። መኪናው በየትኛው ሜዳ ምን ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት፣ የትኛው ጎማ ስንት ዙር እንደሚችል፣ ዝናብ ሲመጣ መቼ መጥራት እንደሚገባ የሚያውቀውም ቡድኑ ነው። ይህ ዕውቀት በውል ወረቀት ላይ አይሰፍርም፤ የሚኖረው ለዓመታት አብረው በሠሩ ሰዎች ዘንድ ነው።

ዮዜፍና ሄርበርት ሽኒትዘር ወንድማማቾች ናቸው። ወደ ውድድሩ የገቡት በ1960ዎቹ ሲሆን፣ ዮዜፍ ራሱ ሹፌር ነበር፤ በ1966 በቢኤምደብሊው 2000 ቲአይ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ከመሪው ይልቅ ወደ ሞተሩ አዘነበለ። ባለ አራት ሲሊንደሩን የቢኤምደብሊው ሞተር ወስዶ ቴስታታውን ከፍቶ፣ ፋብሪካው ራሱ ያላሰበውን ጉልበት ከውስጡ ያወጣ ጀመር። የዚህ እጅ ሥራ ዝና ከቤት መኪና አልፎ ሄደ። በ1975 ፈረንሳዊው ዣክ ላፊት የአውሮፓን ፎርሙላ ሁለት ሻምፒዮና ሲወስድ መኪናው የማርቲኒ ሥራ ነበር፤ የተገጠመለት የቢኤምደብሊው ሞተር ግን ከሽኒትዘር ጋራዥ የወጣ ነው።

በዚያ ዘመን ከተሠሩት መኪኖች አንዱን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። ጅጅጋ የቶዮታ ከተማ ናት፤ ዓይነቱንና ሞዴሉን ሕፃናት ሳይቀሩ ይለያሉ። ሽኒትዘር በ1977 የሠራው መኪና ቶዮታ ሴሊካ ነበር። የጀርመን የቶዮታ ወኪል ባዘዘው መሠረት የባቫሪያ መካኒኮች ከሁለት ሊትር ጥቂት የምትበልጠውን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ተርቦ ገጠሙላት፤ ከ500 በላይ የፈረስ ጉልበትም አወጡባት። ጎማዎቿን ለመሸፈን ሲባል አካሏ ከግራና ከቀኝ እጅግ ተለጥጦ ነበር። ኦስትሪያዊው ሃራልድ ኤርትል ነዳት። ብዙ ድል አላመጣችም፤ እንዲህ የተወጠረ ሞተር ሙቀቱን መቻል ከባድ ነው። ለእኔ ግን ይህች ሴሊካ ከብዙዎቹ ዋንጫዎች የበለጠ ትናገራለች። ሽኒትዘር በዚያን ጊዜ የማንም ሎሌ አልነበረም፤ ቢኤምደብሊውም ቶዮታም ደጁን ይጠኑ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1978፣ ያው ኤርትል በሽኒትዘር ቢኤምደብሊው 320 ተርቦ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ።

በዚያው በ1978 ዮዜፍ ሽኒትዘር ሞተ። የሞተው በውድድር ሜዳ ሳይሆን እንደ ማንኛውም መንገደኛ በመኪና አደጋ ነው። የሞተሩ ዋና ባለሙያ እሱ ስለነበር ብዙ ጋራዥ በዚህ ይዘጋ ነበር። የሽኒትዘርን ቤት ያቆየው ቤተሰቡ ነው። ሄርበርት ኃላፊነቱን ያዘ፤ የእናታቸው ልጆች የሆኑት ቻርሊ ላምና ዲተር ላምም አብረውት ቆሙ። ቻርሊ ያኔ ገና ወጣት ነበር። ከዚያ ወዲያ ለ40 ዓመት የቡድኑ አንጎል የሆነው እሱ ነው።

የ1980ዎቹ ድል በጥድፊያ ሊነገር ይችላል። በ1983 ኦስትሪያዊው ዲተር ክቬስተር በትልቁ ቢኤምደብሊው 635 ሲኤስአይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ1985 ሮቤርቶ ራቫሊያ፣ ጌርሃርድ ቤርገርና ማርክ ሱሬር በዚያው ሞዴል የቤልጂየሙን የስፓ የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፉ። በ1986 የአውሮፓው ዋንጫ የራቫሊያ ሆነ። ራቫሊያ ከቬኒስ አካባቢ የመጣ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ መኪና አይሰብርም፣ ጎማ አይጨርስም፣ ነጥብ አይጥልም። ከቻርሊ ላም አሠራር ጋር የተስማማውም በዚህ ነው።

1987 ግን እንዲህ የሚታለፍ ዓመት አይደለም። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ቱሪንግ ካር ሻምፒዮና ተዘጋጀ። በአንድ ወገን የተሰለፈው አዲሱ ኤም 3 ነበር፤ ሞተሩ 2.3 ሊትር፣ ጉልበቱ ወደ 300 ፈረስ ገደማ። በሌላው ወገን የስዊዘርላንዱ የግል ቡድን ኤገንበርገር ይዞት የመጣው ባለ ተርቦው ፎርድ ሲየራ ነበር፤ በቀጥታ መንገድ ላይ ማንም አይደርስበትም። ኤም 3 የሚተማመነው በቅለቱ፣ በፍሬኑና ጎማውን ቆጥቦ ረጅም ርቀት በመሄዱ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ውድድር በጣሊያኑ ሞንዛ ተካሄደ፤ ኤም 3ዎች የፊተኞቹን ደረጃዎች ተቆጣጠሩ። ከውድድር በኋላ ሁሌም ምርመራ አለ፤ መኪናው ይመዘናል፣ ከመሬት ያለው ከፍታ ይለካል፣ ከነዳጁ ናሙና ይወሰዳል፣ አካሉ ከተመዘገበው ሞዴል ጋር ይመሳከራል። የዚያን ቀን መርማሪዎቹ የኤም 3ዎቹ አካል ደንቡ ከሚፈቅደው የቀለለ ሆኖ አገኙትና የሽኒትዘሮቹን ጨምሮ የፊተኞቹን ሁሉ ሰረዙ። ድሉ በሰባተኛነት ለገቡት አውስትራሊያውያን፣ ለአለን ሞፋትና ለጆን ሃርቪ ሆልደን ኮሞዶር ተሰጠ። ዓመቱ በዚህ ውርደት ጀመረ። በጥቅምት ደግሞ ዕጣው ተገላበጠ። በአውስትራሊያው ባትኸርስት የኤገንበርገር ሲየራዎች አንደኛና ሁለተኛ ወጡ፤ የፊት ጎማው መሸፈኛ ሰፋ ያለ ጎማ እንዲያስገባ ከደንቡ ውጪ ተስተካክሏል ተብሎ ከወራት በኋላ ሁለቱም ተሰረዙ። የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ ራቫሊያ በአንድ ነጥብ ብልጫ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሻምፒዮናውም ከዚያ አንድ ዓመት ወዲያ አልቀጠለም፤ እንደገና የተጀመረው በ2005 ነው።

በመሰረዝ የተጀመረ ዓመት፣ በሌላው መሰረዝ የተገኘ ዋንጫ ነው ብለው የሚያቃልሉት አሉ። አልስማማም። በእነዚያ ዓመታት ደንቡን እስከ ጫፉ ድረስ ያልገፋ ቡድን አልነበረም፤ ጫፉን አልፎ የተያዘ ሁሉ ዋጋውን ከፍሏል። ሽኒትዘርም ከፍሏል። በሞንዛ ያጣውን ነጥብ በየውድድሩ ጥቂት ጥቂት እየለቀመ የመለሰው በመሰንበት ችሎታው ነው። ይህም እውነት መሆኑ በሁለት ዓመት ውስጥ ተረጋገጠ፤ ራቫሊያ በ1988 እንደገና የአውሮፓ ሻምፒዮን፣ በ1989 ደግሞ የጀርመኑ ዲቲኤም ሻምፒዮን ሆነ፤ ሁለቱንም በሽኒትዘር ኤም 3።

የግል ቡድን ታሪክ የአውሮፓ ብቻ አይደለም። በ1953 በምሥራቅ አፍሪካ የተጀመረውን የሳፋሪ ራሊ በ1965 ያሸነፈው የኬንያው ጆጊንደር ሲንግ ነበር፤ ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ሆኖ፣ ፋብሪካው ተጠቅሞ በለቀቀው ያገለገለ ቮልቮ ፒቪ 544። የፋብሪካ ቡድኖች አዲስ መኪና ይዘው በመጡበት፣ ጭቃውንና የድንጋዩን መንገድ ከልጅነታቸው የሚያውቁት ሁለቱ ወንድማማቾች ቀደሟቸው። ጆጊንደር በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ደግሞታል። ራሊና ቱሪንግ ካር የተለያዩ ናቸው፤ የቤተሰብ ሙያ የፋብሪካን ገንዘብ ሊረታ መቻሉ ግን በሁለቱም ታይቷል።

ወደ ሽኒትዘር ልመለስ። በ1993 ቡድኑ ወደ እንግሊዝ ሻምፒዮና ሄደ። የእንግሊዝ ሜዳዎች አጫጭርና ጠባብ ናቸው፤ መኪኖች ይገፋፋሉ፤ የውጭ ቡድን ተቸግሮ እንደሚመለስ ነበር የተጠበቀው። ዮአኪም ቪንክልሆክ በቢኤምደብሊው 318 ሻምፒዮን ሆነ፤ የቡድን ጓደኛው ስቲቭ ሶፐር ሁለተኛ ወጣ። በ1995 ቪንክልሆክ፣ በ1998 ደግሞ ቬኔዙዌላዊው ጆኒ ቼኮቶ የጀርመኑን ዋንጫ ለፍራይላሲንግ አመጡ።

ቡድኑን ከሁሉ በላይ የምናየው ግን በ24 ሰዓት ውድድሮች ነው። የኑርበርግሪንግ ሜዳ አንዱ ዙር 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጫካውን ሰንጥቆ ኮረብታ ይወጣል፣ ይወርዳል። በአንደኛው ጥግ ዝናብ ሲጥል በሌላው ጥግ አስፋልቱ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ላይ መኪናው ወደ ጋራዡ ሲገባ የሚሆነውን ላሳያችሁ። ሹፌሩ ገና ሳይቆም የመቀመጫ ቀበቶውን መፍታት ይጀምራል። ነዳጅ ይሞላል። በአየር ግፊት የሚሠራው ክሪክ ከመኪናው ሆድ ወጥቶ አራቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ ከመሬት ያነሳል፤ መካኒኮቹ ጎማ ይነቅላሉ፣ ይገጥማሉ። የሚገባው ሹፌር ቁመቱ ከወጣው ካነሰ የራሱን የጀርባ ትራስ ይዞ ይገባል፤ የወጣው ጎንበስ ብሎ ቀበቶውን ያስርለታል። በዚህ ሁሉ መሀል ቻርሊ ላም በጆሮው ማዳመጫ አድርጎ ቆሟል፤ የዝናብ ጎማ ይሁን የደረቅ መወሰን ያለበት እሱ ነው፤ ከተሳሳተ ሹፌሩ በተሳሳተው ጎማ 25 ኪሎ ሜትር ይዞራል። በ2004 እና በ2005 በኤም 3 ጂቲአር ሽኒትዘር ይህን ውድድር ተከታትሎ አሸንፏል።

ትልቁ ቀን ግን በቱሪንግ ካር አልመጣም። በ1999 ቢኤምደብሊው ከእንግሊዙ ዊሊያምስ ጋር ሆኖ ቪ12 ኤልኤምአር የተባለ ልዩ የውድድር መኪና ሠራ፤ በፈረንሳዩ የ«ለማን» የ24 ሰዓት ውድድር ይዞት የሚሰለፈውን ሲመርጥ ፍራይላሲንግን ጠራ። ቡድኑ ካሰለፋቸው ሁለት መኪኖች አንዱ ረጅም ሰዓት ሲመራ ቆይቶ እሑድ ዕለት ተጋጭቶ ወጣ። ያኒክ ዳልማስ፣ ፒየርሉዊጂ ማርቲኒና ቪንክልሆክ የያዙት ሁለተኛው ግንባር ቀደም ሆነ፤ ከኋላው ሦስት ጃፓናውያን የሚፈራረቁበት ቶዮታ እየተጠጋው ነበር። ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው የቶዮታው ጎማ ፈነዳ። የሽኒትዘር መኪና 365 ዙር ጨርሶ አሸነፈ። ቢኤምደብሊው በስሙ በሚጠራ መኪና ለማንን በአጠቃላይ ያሸነፈው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያሸነፈለትም ከጠረፍ ከተማ የመጣ የቤተሰብ ጋራዥ ነው።

ከዚህ በኋላ የቡድኑ ዕድሜ ቀስ በቀስ በአንድ ደንበኛ እጅ ገባ። ቢኤምደብሊው በየዘመኑ ሲጠራ ሽኒትዘር ይሄዳል፤ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዓለም ቱሪንግ ካር ሻምፒዮና፣ በ2012 ደግሞ ቢኤምደብሊው ከ20 ዓመት በኋላ ወደ ዲቲኤም ሲመለስ። በዚያ የመመለሻ ዓመት ካናዳዊው ብሩኖ ስፔንግለር በሽኒትዘር መኪና በመጨረሻው ውድድር ላይ ሻምፒዮን ሆነ፤ የቡድኖቹም ዋንጫ የሽኒትዘር ነበር። ከ2016 በኋላ ቢኤምደብሊው ዝግጅቱን ሲቀንስ ግን ሽኒትዘር ከዲቲኤም ወጣ። ቻርሊ ላም በኅዳር 2018 ማካው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ቡድኑን መራ፤ አውጉስቶ ፋርፉስ የጂቲ የዓለም ዋንጫን አሸንፎ ሸኘው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በጥር 2019፣ ቻርሊ በ63 ዓመቱ አረፈ። በ2020 ማብቂያ ቢኤምደብሊው ውሉን እንደማያድስ አስታወቀ፤ ቡድኑም ሥራውን አቆመ።

ለምን ቆመ ለሚለው ጥያቄ የቻርሊ ሞት ግማሽ መልስ ብቻ ነው። ዮዜፍ ሲሞት ቤቱ አልተዘጋም ነበርና። ልዩነቱ በ1978 ሽኒትዘር ሞተሩን ለፈለገ ሁሉ ይሸጥ ነበር፤ በ2020 ሌላ ደንበኛ አልነበረውም። ከእንግሊዙ ዌስት ሰሪ ሬሲንግ ጋር ሳስተያየው ይህ ይጎላብኛል። ዲክ ቤኔትስ በ1981 ያቋቋመው ይህ የግል ቡድን በእንግሊዝ ሻምፒዮና ፎርድ ነድቷል፣ ሆንዳ ነድቷል፣ ኤምጂ ነድቷል፤ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ቢኤምደብሊው። አንዱ ፋብሪካ ሲሄድ ሌላ ይፈልጋል፤ ፋብሪካ ሲጠፋ ስፖንሰር ይፈልጋል። ኮሊን ተርኪንግተን ካገኛቸው አራት የእንግሊዝ ዋንጫዎች ሁሉም፣ የ2009፣ የ2014፣ የ2018 እና የ2019፣ በዚህ ቡድን መኪና የተገኙ ናቸው። ቡርካርድ ቦቨንዚፐን በባቫሪያ ያቋቋመው አልፒና ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ከውድድር ወጥቶ የተሻሻሉ ቢኤምደብሊዎችን ለገበያ በመሸጥ ለረጅም ዓመታት ኖረ። በ2015 የተጀመረው «ቲሲአር» የተባለው ደንብ የግል ቡድኖችን ኑሮ ይበልጥ ቀይሮታል፤ አሁን ቡድኑ ተዘጋጅቶ የተጠናቀቀ የውድድር መኪና ከፋብሪካ ገዝቶ መሰለፍ ይችላል። ለመግባት ቀሏል፤ ዮዜፍ ሽኒትዘር ቴስታታ ከፍቶ ያደርገው የነበረውን ግን ደንቡ አይፈቅድም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ሽኒትዘር በሙያ አልተሸነፈም፤ ሙያውን ለአንድ ገዢ ብቻ በማዋሉ ተሸነፈ። የአሸናፊው መኪና ባለቤት ተብሎ በመዝገብ የቀረው ቢኤምደብሊው ነው፤ ያሸነፈው እጅ ግን የፍራይላሲንግ ነበር።

በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌ ጋራዦች የቶዮታ ሞተር አውርዳችሁ የምትገጥሙ ወጣቶች፣ የ1977ቱን የሽኒትዘር ሴሊካ ፎቶግራፍ ፈልጋችሁ እዩ። ሞተሯ የተነሣው በተራ ቶዮታ ውስጥ ይሠራ ከነበረው ከ18አር ቤተሰብ ነው፤ ያንን ሞተር ለውድድር ያበቁትም እንደናንተው የጋራዥ ሰዎች ናቸው።